ወንድሜ ተመላሽ እና የፌንጣ ‹ክ›

ፋብሪካ ውስጥ ወንድሜን በስሙ የሚጠራው የለም። ‹ተመላሽ› ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመጨረሻው ጠረጴዛ ጋ ቆሞ፣ ተሰፍቶና ተለጥፎ የሚመጣለትን ጫማ አንድ በአንድ እያነሳ ሲመረምር ኖሯል። ሶሉን አጥፎ ያየዋል፣ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ ስፌቱን በጥፍሩ ይከተለዋል። ደህና ከሆነ ወደ ካርቶን ይገባል። ካልሆነ ሶሉ ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ መስመር ያሰምርበትና «ተመላሽ!» ብሎ ለሰፊው ይመልስለታል። አይጮህም፣ አይሳደብም። ሰፊዎቹ ግን ያቺን አንዲት ቃል ከአለቃቸው ቁጣ ይልቅ ይፈሯታል።

ከፋብሪካ ውጭም ጫማ ካየ አያልፍም። ሰርግ ላይ ሙሽራውን አቅፎ ስሞ፣ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን አይቶ «ይሄ ሙጫው አልያዘም» ያለ ሰው ነው። ሚስቱን እንኳ ያገኛት በተመላሽ ነው። እዚያው ፋብሪካ ሰፊ ነበረች፤ አንድ ጫማ ሦስት ጊዜ መለሰባት፣ በአራተኛው ደረቱ ላይ ወረወረችበት። አንስቶ አየው፤ ስፌቱ እንከን የለውም። በዓመቱ ተጋቡ።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ጋሼ እለዋለሁ። ከትዳሬ ከወጣሁ ወዲህ ግቢው ውስጥ ወደ መንገድ የዞረችውን ክፍል ሰጥቶኝ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፍቼባታለሁ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ማጠቢያ ገንዳ፣ አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክና የማያልቅ ወሬ አለኝ። ዝም ብሎ መቀመጥ አልፈጠረብኝም። የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ የምላት፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ትለኛለች። እየሳቀች ትበለው እንጂ ከልቧ ነው።

ልጅ ያገኙት ዘግይተው ነው፣ ያውም አንዲት። ‹ፌንጣ› ያልናት በወጉ መራመድ ሳትለምድ መዝለል ስለጀመረች ነው። ፌንጣ ስትናገር ‹ክ› አትወጣላትም ነበር። በ‹ክ› ቦታ ‹ት› ትገባለች። ካልሲ ‹ታልሲ›፣ ኩባያ ‹ቱባያ›፣ ኪስ ‹ቲስ›። እኔም ለሌላው ሰው አክስቷ ብሆን ለእሷ ‹አትስቴ› ነበርኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል። አራት ዓመቷ ላይ ደምበኞቼ ፊት አቆማትና «እስቲ ከረሜላ በይ» እላት ነበር። «ተረሜላ!» ስትል ካስክ ስር ያሉት ሳይቀሩ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ ከረሜላዋንም ተቀብላ ትሮጣለች። ለሳቅ ብለን ያቆየነው ነገር ስድስት ዓመት ሲሞላት አብሯት ትምህርት ቤት ገባና ሌላ ዓይነት ሳቅ ሆነ። አንድ ቀን ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ገባችና «አትስቴ፣ ልጆቹ ታልሲ ብለው ስም አወጡልኝ» አለችኝ። የዚያን ዕለት ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፤ እናትና አባቷን ጠርታ የንግግር ባለሙያ እንድታያት መከረቻቸው። ሆስፒታሉ ግን ቀጠሮ የሰጠው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ጋሼ የቀጠሮውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ እየከተተ፣ «ሁለት ወር ሙሉ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ጉድለቱ የት እንዳለ እኮ ታውቋል» አለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ጀመረ። ፌንጣ ወተቷን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ኩባያውን ከፍ አድርጎ ያዘው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቱባያ።»

«ተመላሽ። እንደገና።»

«ቱባያ።»

«ተመላሽ። ቀስ ብለሽ። ኩ… ባ… ያ።»

«ቱ… ባ… ያ።»

አላሾፈባትም፣ አልተቆጣትም። በትዕግሥት ነው የሚመልስባት፣ ልክ ጫማ እንደሚመልሰው። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። በአሥራ ሁለተኛው ወተቱ ቀዝቅዞ ስልባቦት ይዞ ነበር። ፌንጣ «አልጠማኝም» ብላ ወንበሯን ገፍታ ወረደች። ትንሽ ቆይቼ ስወጣ፣ ግቢው ቧንቧ ስር ጎንበስ ብላ በእፍኟ ውሃ ስትጠጣ አገኘኋት።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ የፋብሪካው የመጨረሻ ጠረጴዛ ሆነ። ካልሲዋ የሚሰጣት ‹ካልሲ› ስትል ነው፣ ኳሷ ከቁም ሳጥኑ ላይ የሚወርድላት ‹ኳስ› ስትል ነው። እትዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ እንኳ ትልቅ ሴት ሆኜ ሦስት ጊዜ ስትመልስብኝ ጫማ ወርውሬብሃለሁ። ይቺ የስድስት ዓመት ልጅ ምን ትወርውርብህ?» ትለዋለች። እሱ «ትንሽ ታገሱኝ፣ ታመሰግኑኛላችሁ» ይላል። ክፋት የለውም፤ ሥራው ላይ ያየው ነገር ነው። ሰፊ አሥር ጊዜ ተመልሶበት በአሥራ አንደኛው ያስተካክላል። ፌንጣ ግን የተመለሰባትን ይዛ ሄዳ የምትጠግንበት መርፌም ወስፌም የላትም። የት ጋ እንደተበላሸ እንኳ አታውቀውም።

ብልጥ ናትና መጀመሪያ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች። ካልሲ ‹የእግር ልብስ› ሆነ፣ ኳስ ‹ያ የሚነጥረው›፣ እኔ ደግሞ ‹እቴ›። ቋንቋችን ግን ያለ ‹ከ› አንድ እርምጃ አይሄድም። ከቤት ቢሉ ‹ከ› አለ፣ ከእማዬ ጋር ቢሉ ‹ከ› አለ። ውሎ ልናገር ቢሉ ደግሞ በየመሐሉ ‹ከዚያ› የሚሉት አለ። ያለ ‹ከዚያ› ወሬ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ወሬውን ተወችው። ቀጥላ መለመን ተወች። ቀጥላ የአባቷ ኮቴ ሲሰማ አፏን መዝጋት ጀመረች። ከእናቷ ጋር ታወራለች፣ ከእኔ ጋር ታወራለች፤ እሱ ሲገባ ጭጭ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የልጅ ዝምታ ይነቅዛል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሼ ነገሩ የገባው ማንም ሳይነግረው ነው። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የጠረግኩትን ጸጉር ልደፋ ስወጣ፣ የገዛ ቤቱ ወጥ ቤት መስኮት ስር ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ አገኘሁት። ውስጥ ፌንጣ ለእናቷ የአንዲት የክፍሏን ልጅ ጥርስ መውለቅ ትተርካለች። «ተዚያ ደም መጣ፣ ተዚያ ቲቸር ጥጥ ሰጠቻት፣ ተዚያ ጥርሷ ጠፋ…»

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ። ጥርሱ እስኪገኝ ድረስ አዳመጠ። «ስገባ ትተወዋለች» አለኝ፣ በሹክሹክታ። «ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እዚህ ካልቆምኩ ድምጿን አልሰማም።»

ልናገረው ያጠራቀምኩት ቁጣ ሁሉ ከምኔው እንደጠፋ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሰውዬ፣ ልጁን ለመስማት በገዛ መስኮቱ ስር እንደ ሌባ ተደብቋል። አንጀቴን በላው።

«እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት» አለ። «ፊደሉ ከፈለገ ይቅር። አንድ ፊደል ጎድሎት የሚኖር ስንት ሰው አለ። እንደ ድሮው ብቻ ታውራኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ መመለሱን ተወ። ኩባያውን ሳትጠይቀው ይሰጣታል፣ ካልሲዋን ሳትጠይቀው ያለብሳታል። ፌንጣ ግን አላመነችውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ቢተወው እሷ አልረሳችውም።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሁላችንም ሄድን። እኔን የጠራኝ አልነበረም፤ ሥራዬን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ባለሙያዋ ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ትልቅ መስታወትና መጫወቻ የሞላበት ሳጥን አለ። ጋሼ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። «ዶክተር አይደለሁም» አለችው ሁለት ጊዜ፤ በሦስተኛው ተወችው። ከፌንጣ ጋር ወለል ላይ ተቀምጣ ብዙ ተጫወተች፣ አፏን በባትሪ አየችላት፣ ጆሮዋ ደህና መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ፣ «ቤት ውስጥ እንዴት ነበር የምታለማምዷት?» አለችው።

ጋሼ አልደበቀም። ኩባያውን እንዴት እንደያዘ፣ እንዴት እንደመለሰባት፣ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለችው።

«ጫማ እመረምራለሁ።»

«እሺ። የተበላሸውን ጫማ ከደህናው መለየት የማይችል አዲስ ሠራተኛ ቢመጣልዎ፣ አሥር ጊዜ ቢመልሱበት ያስተካክለዋል?»

ጋሼ አሰበ። «አያስተካክለውም። መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየዋለሁ። ዓይኑ ካልለየ እጁ አይሠራም።»

«የእሷም ጆሮ እንደዚያው ነው፤ ይሰማል እንጂ ሁለቱን ገና አልለየም» አለችው።

ከዚያ መከረችን። ‹ክ› የምትሠራው በምላስ ጀርባ ነው፤ የፌንጣ ምላስ ግን በጫፉ መሥራት ለምዷል። ስትሳሳት አታርሟት። ‹ታልሲ› ካለች ‹አዎ፣ ካልሲሽ ይኸው› ብላችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። የምትፈልገውን ነገር መያዣ አታድርጉባት። ተማሪ አድርጋችሁ ለብቻ አታስቀምጧት፤ ስታለብሷት፣ ስታጥቧት፣ ገበታ ስትዘረጉ፣ በዚያው በምትሠሩት ሥራ መሐል ቃሉ ደጋግሞ ጆሮዋ ይግባ።

«በቀን ስንት ጊዜ?» አለ ጋሼ።

«ቁጥር አልሰጥዎትም» አለችው። በአንድ ቀን እንዴት እንዳወቀችው!

ቁጥር ባትሰጠው ራሱ አወጣ። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ጠዋት ካልሲ፣ ኮት፣ ኪስ፤ ማታ ኩባያ፣ ክዳን፣ ካሮት፤ በየጎናቸው የራይት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን። ቤቱ ቲያትር ቤት ሆነ። «ካልሲሽን ከካልሲዎችሽ መካከል ከመረጥሽ በኋላ ኮትሽን ከኮት መስቀያው እናወርዳለን» ይላል ጋሼ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው። እትዬም ልታግዘው ብላ «ካሮቱን ከክዳኑ ከ…» ስትል ምላሷ ተሳስሮ ሾርባውን ልትደፋው ነበር። ፌንጣ ሦስታችንንም በተራ አየችን፣ ካልሲዋን አነሳችና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ወጥመድ ታውቃለች። እትዬ ወረቀቱን ቀዳ ጣለችው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። አንተ ደግሞ የፈሰሰውን ሳትለቅም ሌላ ታፈሳለህ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ሲመለስ ከቦርሳው ውስጥ አሮጌ ሶልና ነጭ ጠመኔ አወጣ።

ማታ ማታ ከራት በፊት የቤቱን ጫማ ሁሉ በረንዳው ላይ ደርድሮ መቦረሽ የቆየ ልማዱ ነው፤ የእኔን የተጣመመ ሸበጥ ሳይቀር ያብሳል። ፌንጣ ድሮ አጠገቡ ተቀምጣ የጫማ ማሰሪያ ታቀብለው ነበር። ዝም ካለች ወዲህ የበሩ ደፍ ላይ ሆና በሩቅ ነው የምታየው። ያን ዕለት ጋሼ የሚቀመጥበትን በርጩማ ወደ እሷ ገፋውና እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ዛሬ መርማሪዋ አንቺ ነሽ» አላት። «እኔ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው ቃል ነው። ደህና ከሆነ እለፊው። ከተበላሸ ሶሉ ላይ አንድ መስመር አስምሪ። መናገር የለብሽም።»

ትንሽ አመነታች። ከዚያ መጥታ በርጩማው ላይ ወጣች። አባቷን ከላይ ወደ ታች የምታየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ ቡርሹን አነሳ። «ጫማ» አለ። ፌንጣ ዝም። «በር።» ዝም። «ጃንጥባ።»

ፌንጣ ዓይኗ ፈጠጠ። ጠመኔውን አነሳችና ቀጭን መስመር አሰመረች፤ ስታሰምር ፊቱን ታያለች፣ ይቆጣ ይሆን ብላ። ጋሼ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ መርማሪ፣ እጄ ስቶ ነው። ጃንጥላ።»

ቀጠለ። «ካልሲ።» ዝም። «ባልሲ።» መስመር። ከዚያ እየቦረሸ፣ ቀና ሳይል፣ «ታልሲ» አለ።

እትዬ ከወጥ ቤት ሰምታ ማማሰያዋን እንደያዘች ወጣች። «እንዴት በገዛ ልጅህ…» ልትል ስትል ክንዷን ያዝኳት። እኔም ፈርቼ ነበር። ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች የሚሏት ይህንኑ አይደል? ፌንጣ ጠመኔውን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። አባቷን አየችው፣ ሶሉን አየችው። ከንፈሯ ሳይከፈት ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን ውስጥ ውስጡን እየሞከረችው ነበር። በዚያ መሐል አንድ ጫማ ተቦርሶ ባለቀ ነበር። ከዚያ አሰመረች፤ ከቀደሙት ሁሉ የወፈረ መስመር።

«ልክ ነሽ» አላት ጋሼ። «ተበላሽቶ ነበር። ካልሲ።»

የዚያን ቀን ሌላ አልጨመረም። እኔ ብሆን እሰይ ብዬ ጨፍሬ ነገሩን ሁሉ አበላሸው ነበር።

በአራተኛው ማታ ጋሼ «ቱባያ» ሲል፣ ፌንጣ ጠመኔ ማንሳቱ ታከታት መሰለኝ፣ ክንዷን አጣጠፈች፣ አገጯን ቀና አደረገችና «ተመላሽ!» አለችው። ቁርጥ እሱን። ከአንድ ወር በላይ ዝም ብላው የመጀመሪያዋ ቃል ያቺ ናት። ጋሼ ዓይኑን የጠረገው በእጁ በያዘው የቀለም ጨርቅ ነበርና ጉንጩ እስከ ጆሮው ጠቆረ። ፌንጣ በሳቅ ከበርጩማው ልትወድቅ ሆነች። እትዬም ሳቀች። እኔ አለቀስኩ፤ ለማልቀስ ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

ጨዋታው በረንዳው ላይ አልቀረም። ጠዋት ሲያለብሳት ጋሼ «በይ እጅሽን ቲስሽ ውስጥ ክተቺ» ሲል «ተመላሽ!» ትለዋለች። ገበታ ላይ እናቷ አውቃ ትሳሳታለች፣ እኔ ሳላውቅ እሳሳታለሁ፤ ለሁለታችንም ምሕረት የላትም። ጋሼ ከጨዋታው ውጭ ይህን በይ ያን በይ አይላትም። ስትሳሳት «አዎ የኔ ልጅ፣ ኮትሽ ይኸው» ይልና ቁልፉን ይቆልፍላታል። ፋብሪካ ውስጥም የሰፊዎቹ አለቃ አንድ ነገር ታዝቧል፤ ተመላሽ አሁን ጫማ ከመመለሱ በፊት ደህናውን ጎኑ አስቀምጦ ሰፊውን «አንተ ንገረኝ፣ የቱ ነው?» ይለዋል አሉ።

‹ክ› ራሷ የወጣችው ግን በእኔ ቤት ነው፤ ይህን ሁሉ የማወራበት ግማሽ ምክንያቴም እሱ ነው። ባለሙያዋ በሁለተኛው ቀጠሮ፣ ልጅ በጀርባው ሲጋደም ምላሱ ወደ ኋላ ስለሚል ‹ክ› ሊቀልለው ይችላል ብላን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የፌንጣን ጸጉር የማጥበው እኔ ነኝ። አንገቷን ገንዳው ላይ ጥላ ጣራ ጣራ ታያለች። ለብ ያለውን ውሃ እያፈሰስኩ ‹ክ፣ ክ› እላለሁ፣ እንደ ቀልድ። እሷም ትሞክራለች፣ ‹ት፣ ት›። አንድ ቅዳሜ ምራቋ ትን አላትና ‹ክህ!› ብላ ሳለች።

«እሱን! እሱን ድገሚልኝ፣ አፈር ስሆን!» ብዬ ስጮህ ሻምፖው ዓይኗ ገባ።

«ክህ» አለች፣ እየተነጫነጨች። ከዚያ ራሷም ገርሟት ፀጥ አለች። «ክ።»

ካስክ ስር የነበረችው የፋርማሲዋ ሴት ጸጉሯ ሳይደርቅ ተነስታ መጣች፤ ወረፋ የያዙት ሁለቱም ተከተሏት። አራት ሴቶችና አንዲት ልጅ አንገታችንን ወደ ኋላ ጥለን «ክ! ክ! ክ!» ስንል አዲስ ደምበኛ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው። እስከ ዛሬ አልመጣችም።

ድምፁን ማውጣትና በእሱ ማውራት ግን ለየቅል ናቸው። ፌንጣ ‹ክ› ትላለች፣ ቀጥላ ‹ታልሲ› ትላለች። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ቢባልም የእኛ እንቁላል ለመቀመጥ የመጣ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ በቃል መጨረሻ ላይ እሺ አላት፤ ‹ልክ› ማለት ቻለች። ለመርማሪ ያለዚያ አይሆንምና ቀኑን ሙሉ ‹ልክ ነው፣ ልክ ነው› ስትል ትውላለች። ‹አክስቴ›ን ሞክራ ሞክራ ወደ ‹እቴ› ተመለሰች። ለአባቷም ስትጫወት ትመልስለታለች፣ ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ በራሷ ተነስታ ግን ምንም አታወራውም። ወሬዋ አሁንም ለእናቷና ለእኔ ነው። ጋሼ አይናገርም እንጂ ያንገበግበዋል። ያቺን ‹ክ› ወሬ መሐል ስትወጣ ለመስማትም ምን ያህል እንደሚጓጓ አውቃለሁ። ባለሙያዋን ለብቻዋ «መቼ ይመስልዎታል?» ሲላት ሰምቼዋለሁ። ሲቦርሽ እንኳ ጆሮው ወደ ልጅቷ ያዘነበለ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጋሼ በረንዳው ላይ ጫማ ይቦርሻል፣ እትዬ ልብስ ታጥፋለች፣ እኔ ደፉ ላይ እግሬን ዘርግቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል እግር ያሳብጣል። ፌንጣ እየዘለለች ከቤት ወጣች። በርጩማው ላይ ትወጣለች ስል አልፋው ሄዳ መሬት ላይ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለህ!» አለችው።

ቡርሹ ቆመ። «ምን ሆነ?»

«ያ ታልሲ ያለኝ ልጅ የለም? ሽንት ቤት ገብቶ በሩ ተቆለፈበት! ተዚያ ጮኸ። ተዚያ ልጆቹ ሁሉ ሳቁበት። እኔ አልሳቅቱም።»

«ከዚያስ?» አላት ጋሼ።

«ተዚያ ቲቸር ቁልፍ ልታመጣ ሄደች። ልጁ ማልቀስ ጀመረ። እኔ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ ብዙ ወሬ አወራሁለት። ዝም ስል ያለቅሳል። ስለዚህ ዝም አላልቱም።»

ጋሼ ቡርሹን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ቲቸር ቁልፉን ይዛ መጣች፤ ቁልፉ ደግሞ አልገባ አለ…»

‹ከዚያ› አለች። ጥርት ያለ፣ ከጉሮሮ የመጣ፣ እኔና እናንተ የምንለው ‹ከዚያ›። እሷ ራሷ አልሰማችውም፤ በወሬዋ ላይ ናት። እትዬ የምታጥፈውን ሸሚዝ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዞሬ ጋሼን አየሁት፤ ፊቱ ሲበራ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። ጫማው ጭኑ ላይ ተረስቷል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ አፉን ከፈት አድርጎ ልጁን ልጁን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት የዘለለች ስፌት አምልጣው የማታውቅ ሰው!

አላስቻለኝም። «ጋሼ!» አልኩት፣ ክንዱን ይዤ። «ሰማህ?»

«ምኑን?»

«አሁን ያለችውን ነዋ! ያለችውን!»

ወረፋ የጣሰችበትን ሴት እንደሚያይ ዞር ብሎ አየኝ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለኝ። «ልጁ እኮ ገና አልወጣም። ዝም በይ እስቲ፣ ልጄ እያወራችኝ ነው።»